በእኛ አቆጣጠር የተቀረጸ ሰርግ

እኔ የሰው ሰርግ አጥፍቼ አውቃለሁ። ዳስ አቃጥዬ ወይም ሙሽራ አስኮብልዬ እንዳይመስላችሁ። ወንበር ላይ ተደላድዬ፣ ኦቾሎኒ እየቆረጠምኩ፣ በሁለት ጣቴ ነው ያጠፋሁት። እንዴት እንደሆነ ለመንገር ግን ከዳባት ተነሥቼ ዛሪማ ድረስ ይዣችሁ መውረድ አለብኝ። መንገዱ ጠመዝማዛ ነውና አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ዳባት መናኸሪያው አጠገብ ባለች ፎቶ ቤት እሠራለሁ። ባለቤቱ ጋሽ ፈንታሁን ይባላሉ። ጥር ሲገባ ከሰርግ ሰርግ ሲዞሩ ቤታቸውን የሚረሱ፣ ልባቸው ሰፊ፣ ነገር ግን የተነገራቸውን ሁሉ ጠላ ሲቀምሱ የሚረሱ ሰው ናቸው። የእኔ ሥራ በሰርጉ ቀን መብራት መያዝ፣ ከሰርጉ በኋላ ደግሞ የተቀረጸውን አሰናድቶ ጎንደር ላለው ኤዲተራችን ለሄኖክ መላክ ነበር። ማሰናዳት ስል የሁሉንም ካሜራ ቅጂ አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ መሰብሰብ፣ የእያንዳንዱን ካሜራ በየፎልደሩ መለየት፣ የሙሽሮቹን ስምና ቤተሰቡ «ይቺ እንዳትቀር» ያለውን በወረቀት ጽፎ ማያያዝ ነው። ሄኖክ አንድ ቀን በስልክ «የአንቺ ፎልደር ተተኩሶ የታጠፈ ልብስ ይመስላል» ብሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስሄድ አንገቴን ቀና አድርጌ ነው።

የጠፋው ሰርግ የጥሩዬ ነበር። ጥሩዬ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ናት፤ ቤታቸው ከዳባት ወረድ ብሎ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። አባቷ አያ ሞላና አጎቷ አያ ተገኘ የአንድ እናት ልጆች፣ አጥር ለአጥር የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። በድንበር ላይ በበቀሉ ጥቂት ባሕር ዛፎች ተጣልተው አሥራ አንድ ዓመት አልተነጋገሩም። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ እንኳ አንዱ በወንዶች በር ከገባ ሌላው ዞሮ በምሥራቁ ይገባል።

ሐሙስ ጠዋት ጥሩዬ ተሞሽራ፣ ሙሽራው ከነአጃቢው ሊደርስ ሲል፣ እሷ መደቡ ላይ ቁጭ ብላ እንዲህ አለች፦

«አጎቴ ካልመጣ ከዚህ ቤት አልወጣም።»

ሊያባብሏት ሞከሩ። ሊቆጧትም ሞከሩ። ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ አያ ተገኘ ቤት ሮጡ። ጋሽ ፈንታሁን በአንደኛው ካሜራ ደጅ ላይ ሙሽራውን እየጠበቁ ነው፤ እኔ ጓዳ ውስጥ መብራት ይዤ ጥሩዬ አጠገብ ቆሜያለሁ። ከቤቱ ኋላ፣ ከበረቱ በኩል፣ ድንገት እልልታ ቀለጠ። ታረቁ ተባለ። ሽማግሌዎቹን ተከትለው ሄደው ዕርቁን የቀረጹት ሁለተኛውን ካሜራ የያዙት መሪጌታ አየልኝ ብቻ ነበሩ።

ጥሩዬ እጄን እስኪያመኝ ጨበጠችኝ።

«ገኒ፣ ለእኔ ብለው ታርቀው እኔ ብቻ ሳላይ ቀረሁ። ከቪዲዮው ሌላው ሁሉ ቢቀር ግድ የለኝም። እሷን ብቻ እንዳታጠፊብኝ።»

«ለእኔ ተይው» አልኳት። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያልኳት። ዛሬም ሳስታውሰው ፊቴ ይግላል።

መሪጌታ የደባርቅ ሰው ናቸው። መሪጌትነቱን ማን እንደሰጣቸው በእርግጥ የሚያውቅ የለም፤ ወጣት ሆነው ቅኔ ቤት ገብተዋል፣ ባሕረ ሐሳብ ተምረዋል፣ በዓላትና አጽዋማት በየትኛው ቀን እንደሚውሉ ጣታቸውን አጥፈው ያሰላሉ፤ ከዚያ እንዴት እንደሆነ ሳይታወቅ ካሜራማን ሆነው ተገኙ። ነጠላቸውን አመሳቅለው ለብሰው፣ ካሜራውን ትከሻቸው ላይ ሰቅለው ሲመጡ፣ እናቶች ካሜራውን እንደ መስቀል ሊሳለሙት ይቃጣቸዋል። ሥራ ሲበዛ ጋሽ ፈንታሁን ይጠሯቸዋል።

ዓርብ ዕለት ጋሽ ፈንታሁን የሁለተኛውን ካሜራ ቅጂ ራሳቸው ሃርድ ዲስኩ ላይ ገለበጡና ሚሞሪውን ለመሪጌታ መለሱ። እሑድ ጠዋት እኔ ስገባ እሳቸው የሉም፤ የሰርጉ ጠላ ጥሏቸው ቤታቸው ተኝተዋል። በስልክ ድምፃቸው ሰልሎ አዘዙኝ።

«ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ ለሄኖክ ይሂድለት። በሚቀጥለው እሑድ ለቅልቅሉ መድረስ አለበት። የእኔን ካሜራ ላፕቶፑ ላይ ታገኚዋለሽ።»

«ዲስኩ ሞልቷል እኮ ጋሼ።»

«አሮጌውን ጥረጊዋ! ከ2016 በፊት ያለውን ሁሉ፣ ባለቤቶቹ ድሮ ወስደውታል። በፈረንጅ ነው የምልሽ።»

ኦቾሎኒዬን ከፍቼ ተቀመጥኩ። በፈረንጅ ዘመኑ 2023 ነው። ፋይሎቹን በቀናቸው ደረደርኳቸው፤ አሮጌዎቹ ወደ ታች ወረዱልኝ። ካሜራው ራሱ ቁጥር ብቻ የሰጠው፣ ስም ያልተጻፈበት አንድ ትልቅ ፎልደር ነበር፤ ቀኑ 2015 ይላል። ከፈት አድርጌ አየሁ፤ ዳስ፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች፣ የሰው ጀርባ። የሰርግ ዳስ ሁሉ አንድ ነው። «ስምንት ዓመት ሙሉ ቦታ ይዛችሁ!» አልኳቸውና ጠረግኳቸው። ያውም መልሶ በማይገኝበት መንገድ፣ ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ተጭኜ፣ በሁለት ጣት። ዲስኩ ሰፋልኝ። የአንደኛውን ካሜራ ከላፕቶፑ ጫንኩበት፤ በስም ለየሁት፤ ወረቀቱን ጻፍኩ፤ «የአባትና የአጎት ዕርቅ፣ እንዳትቀር» የሚለውን ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ከዚያ የሁለተኛውን ካሜራ ፎልደር ልለይ ስል የለም።

ፈለግኩ። ላፕቶፑ ላይ የለም፤ ዲስኩ ላይ የለም። ጋሽ ፈንታሁን ጋ ደወልኩ።

«ዲስኩ ላይ ነው። በእጄ ነው የገለበጥኩት» አሉና መልሰው ተኙ።

ለሄኖክ ደወልኩ። ሄኖክ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ የሚጠይቀው በየት በኩል እንደተነሣ ይመስለኛል።

«ሁለተኛውን ካሜራ ማን ነው የያዘው?» አለኝ።

«መሪጌታ።»

ድምፁ ተለወጠ።

«ገኒ፣ ዛሬ ያጠፋሽው ነገር አለ?»

«አሮጌውን ነው። የ2015።»

«ወሩ ስንት ይል ነበር?»

«አምስት።»

«በጣትሽ ቁጠሪልኝ እስኪ። አምስተኛው ወራችን ማን ነው?»

ቆጠርኩ። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ። አውራ ጣቴ ላይ ስደርስ ጥር ሆነ።

«አሁን ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ እዪው። ዓመተ ምሕረቱ ስንት ይላል?»

ቀና አልኩ። የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል አለበት፤ ከሥሩ በቀይ፣ በትልቁ፣ 2015 ይላል። በየጠዋቱ የማየው ነገር ነው።

«መሪጌታ ካሜራቸውን የሚሞሉት በእኛ አቆጣጠር ነው» አለ ሄኖክ። «ዓመቱንም፣ ወሩንም፣ ሰዓቱንም። ባለፈው ያመጡልኝ ሰርግ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት የነበረው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሆኖ መጣብኝ፤ ሰዎቹ ሌሊት የሚጋቡ መስሎኝ ነበር። በዲስኩ ላይ ሌላ ነገር ጭነሽበታል?»

«የአንደኛውን ካሜራ።»

«ንቀዪው። ከእንግዲህ እንዳትነኪው። ከዚያ ላይ ብዙ የሚተርፍ አይመስለኝም። ሚሞሪው ግን እሳቸው ጋ ነው፤ ካልደመሰሱት ሰርጉ አለ።»

«ዛሬ ዛሪማ ሰርግ አላቸው!»

«እንግዲያው ፍጠኚ። ማንም ካሜራማን አዲስ ሰርግ ላይ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያደርገው ሚሞሪውን ፎርማት ማድረግ ነው።»

የመሪጌታን ስልክ ሞከርኩ። የለም። ዛሪማ ኔትወርክ ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ መሆኑን በኋላ ነው የሰማሁት። ፎቶ ቤቱን ዘጋሁ፤ ቁልፉን አጠገባችን ላለችው ባለ ሱቅ ወርውሬ ወደ መናኸሪያው ሮጥኩ። ኦቾሎኒው በእጄ ነበር፤ እስካሁን የት እንደጣልኩት አላውቅም።

ዳባትና ደባርቅ ቅርብ ናቸው፤ ያን ዕለት ግን ሚኒባሱ በየመንገዱ ቆመ። የአንዲት ሴትዮ ዶሮ ከእቅፏ አምልጣ ከወንበር ሥር ገባች፤ ለእሷ ብቻ አምስት ደቂቃ ቆምን። ጥሩዬ በቅልቅሉ ቀን ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣ፣ አባቷና አጎቷ ግራና ቀኝ ሆነው፣ ዕርቁ ይመጣል ብላ ስትጠብቅ ታየኝ። ከዚያ ሳይመጣ ሲቀር። ከዚያ ወደ እኔ ስትዞር።

ደባርቅ ስደርስ ወደ ዛሪማ የሚወርድ መኪና የለም ተባልኩ። እንባዬ ሲመጣ ተሳፋሪ የሚጠራ አንድ ሎዳሪ አዘነልኝና አንዲት ነጭ አይሱዙ አሳየኝ። ለስላሳ መጠጥ ጭናለች። ሾፌሩ ኑሩ የሚባል፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ሳቂታ የደባርቅ ልጅ ነው።

«ዛሪማ ነው የምትወርደው?»

«አዎ፣ ለሰርግ ነው የጫንኩት። ሙሽሮቹ ተጠምተው ሳይሞቱ ልድረስላቸው።»

«የየትኛው ሰርግ?»

ነገረኝ። መሪጌታ የሚቀርጹት ያው ሰርግ ነበር! ሳልጠየቅ በሩን ከፍቼ ገባሁ።

ደስታዬ ሊማሊሞ እስክንደርስ ነው የቆየው። እዚያ ስትደርሱ መንገዱ ገደሉን እየታጠፈ፣ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል፤ በጎን በኩል ከታች ደመና ይታያል። ኑሩ በእግር ከሚሄድ ሰው ጋር እየተወዳደረ ይነዳ ጀመር። የተወዳደረው ደግሞ አንድ ሽማግሌ ነው፤ አለፉን።

«ወንድሜ፣ ትንሽ ፈጠን ብትል?»

«እህቴ፣ ጠርሙስ ነው የጫንኩት። በዚህ ጠመዝማዛ ብፈጥን ዛሪማ የሚደርሰው ስኳር የነካው መስተዋት ነው።»

አንድ መታጠፊያ ላይ ጭላዳዎች መሐል መንገድ ላይ ተቀምጠው እርስ በርስ ይቀማመላሉ። ኑሩ ቆመ። ጥሩምባ አልነፋም።

«ለምን አትነፋባቸውም!»

«እንግዳው እኔ ነኝ። ሰፈሩ የእነሱ ነው።»

ያኔ ነው ያለቀስኩት። ኑሩ ደነገጠ፤ ሰው የሞተብኝ መሰለው። በሳግ እየተቆራረጥኩ ሁሉንም ነገርኩት፤ ዕርቁን፣ ጥሩዬን፣ ባሕር ዛፉን፣ 2015ን። መጀመሪያ በሐዘን ሰማኝ። ቀጥሎ ከንፈሩን ነከሰ። ከዚያ መሪው ላይ ተደፍቶ ሣቀ፤ እስኪበቃው ሣቀ።

«መሪጌታን አመስግኚ» አለኝ ዓይኑን እየጠረገ። «እኔ ብሆን የሞላሁት በሂጅራ ነበር። 1444 ይልሽ ነበር፤ የአጼዎቹ ዘመን ሰርግ መስሎሽ ሙዚየም ትሰጪው ነበር።»

ሳልወድ በግድ አብሬው ሣቅኩ። ጭላዳዎቹም ተነሥተው መንገድ ለቀቁልን። ከዚያ በኋላ መንገዱ ያው መንገድ፣ ፍጥነቱም ያው ነበር፤ እኔ ግን መተንፈስ ቻልኩ።

ዛሪማ የደረስነው ስምንት ሰዓት አልፎ ነው። ቆላ ነው፤ ከደጋ የለበስኩት ሹራብ ይፈጀኛል። ዳሱ ከሩቅ ይታያል፤ ከበሮው ይሰማል። አይሱዙዋ ሳትቆም ዘልዬ ወረድኩ። በሰው መሐል ተሹለክልኬ ስገባ ነጭ ነጠላ አየሁ፤ ከነጠላው በላይ ካሜራ፤ ካሜራው ላይ ቀይ መብራት።

እየቀረጹ ነው።

አበቃ አልኩ። የጥሩዬ ሰርግ በዚህ ሰርግ ተደመሰሰ።

«መሪጌታ!» ልል አፌን ስከፍት አዩኝ። ዓይናቸው ፈገግ አለ፤ ካሜራውን ሳያወርዱ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። እኔ ራሴ ስንቱን ሰው በሰርግ ላይ «ድምፅህ ይገባል፣ ዝም በል» ብዬ እንደገሠጽኩ አስቡት። ዝም አልኩ። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ገና ከደጅ እየተለመነ ነው፤ የልጅቷ ወገኖች በሩን ይዘው አናስገባም ይላሉ፤ ግጥም ይደረደራል። መሪጌታ አንዷ ስንኝ እንድታመልጣቸው አይፈልጉም። እኔ በምልክት ሚሞሪ፣ በምልክት ፎርማት ለማለት እጄን አወራጫለሁ። አንዲት የዛሪማ እናት ስወራጭ አይተው እስክስታ ያማረኝ መሰላቸው።

«ነይ ልጄ፣ ነይ! የምን መሽኮርመም ነው!» ብለው ጎትተው መሐል ከተቱኝ።

ምን ይደረጋል፤ ትከሻዬን መታሁ። ልቤ እየሞተ ትከሻዬ ጨፈረ። ያ የዛሪማ ሰርግ ቪዲዮ ዛሬም አለ፤ ሰው ሁሉ በሚስቅበት መሐል አንዲት ሹራብ የለበሰች ልጅ ቀብር የመጣች በሚመስል ፊት እስክስታ ስትወርድ ካያችሁ እኔ ነኝ።

በመጨረሻ ሙሽራው ገባ። ቀይዋ መብራት ጠፋች። ሮጬ ክንዳቸውን ያዝኩ።

«መሪጌታ፣ ሚሞሪውን ፎርማት አደረጉት?»

«የቱን ሚሞሪ?»

«የጥሩዬን! የሐሙሱን!»

መሪጌታ እንደተሰደበ ሰው ቀና ብለው አዩኝ።

«ቅልቅሉ ሳይደረግ?»

«እ?»

«ልጄ፣ ሰርግ መች አለቀና ነው የሚደመሰሰው? ልጅቷ ወጥታለች እንጂ ገና አልተቀላቀሉም። ሁለቱ ወገን በአንድ ማዕድ ሳይቀርብ፣ ሰርጉ ገና በመንገድ ላይ ነው። በመንገድ ላይ ያለ ነገር ይደመሰሳል?»

እጃቸውን በነጠላቸው ሥር ሰደው ከደረት ኪሳቸው የክብሪት ቀፎ አወጡ። ቀፎው በነጭ ክር ሦስት ጊዜ ተጠምጥሟል። በላዩ በብዕር፣ በቁም ጽሕፈት፣ የጥሩዬና የባሏ ስም ተጽፏል፤ ከሥሩ ጥር 2015። ለዛሬው ሰርግ ሌላ ሚሞሪ ተውሰው ነው የመጡት። ምንጊዜም እንዲህ ነው የሚያደርጉት፤ ማንም ጠይቋቸው ስለማያውቅ ማንም አያውቅም።

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። አለቀስኩ ወይስ ሣቅኩ፣ ለይቼ መናገር አልችልም። ኑሩ የለስላሳ ሣጥን ተሸክሞ ሲያልፍ አየኝና «ተገኘ?» አለ። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። «አልሐምዱሊላህ!» ብሎ ጮኸ፤ መሪጌታም ነገሩ ሳይገባቸው «ይክበር ይመስገን» አሉ።

ከምሳ በኋላ በዋርካ ጥላ ሥር ተቀምጠን የሆነውን ነገርኳቸው። ይደነግጣሉ ብዬ ነበር። ተቆጡ።

«ካሜራው የሚሠራው የት ነው? ኢትዮጵያ ነው። ልጅቷ የተዳረችው በጥር ነው ወይስ በማላውቀው ወር? ለፈንታሁን ነግሬዋለሁ። ካሜራዬ በእኛ ነው የሚቆጥረው ብዬ ዓርብ ዕለት ነግሬዋለሁ።»

«ጋሼ ጠላ ላይ ነበሩ።»

«እንግዲያው ጥፋቱ የካሜራው አይደለም» አሉና በክብር ካሜራውን ከፈቱ።

ቀፎውን ፈቱ፤ ሚሞሪውን አስገቡ፤ በትንሿ የካሜራ መስኮት ላይ ሁለታችን ጎንበስ አልን። አያ ተገኘ በበረቱ በኩል ብቅ አሉ። በአገራችን ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው እንደሚያደርገው ድንጋይ በትከሻቸው ተሸክመዋል፤ አንገታቸውን ደፍተዋል። ታናሽ ናቸውና። አያ ሞላ ሲያዩዋቸው ቆሙ። ሽማግሌዎቹ የተለመደውን እየጠበቁ ነው፤ ታላቅየው ድንጋዩን ያወርዳሉ፣ ይሳሳማሉ፣ ያልቃል። አያ ሞላ ግን ድንጋዩን ከወንድማቸው ትከሻ አንሥተው በራሳቸው ትከሻ ላይ አደረጉት።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ።

«የለም፣ የእኔ ነው፣ ወዲህ በለው!» ብለው አያ ተገኘ ድንጋዩን መልሰው ያዙ።

«አልሰጥም!»

«በማርያም ስጠኝ!»

አሥራ አንድ ዓመት በባሕር ዛፍ ሲጣሉ የኖሩ ሁለት ሽበታሞች በድንጋይ ይጓተቱ ጀመር። ድንጋዩ ወደቀና የአንዱን ሽማግሌ እግር ለጥቂት ሳተ። ሁለቱ ግን አላዩትም፤ አንገት ለአንገት ተያይዘው ነበር። እልልታውም የቀለጠው ያኔ ነው። ያ ጓዳ ውስጥ ሆነን የሰማነው እልልታ።

መሪጌታን ቀና ብዬ ሳያቸው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ነው።

«ቆላው አቧራ አለው» አሉ።

ያን ቀን ዛሪማ አደርኩ። ማለዳ ኑሩ ባዶ ጠርሙስ ጭኖ ወደ ደባርቅ ሲመለስ ይዞኝ ወጣ፤ ባዶ ጠርሙስ ሲሆን እንዴት እንደሚፈጥን ብታዩ! ከደባርቅ ሚኒባስ ይዤ ዳባት ላይ ወርጄ ዲስኩን አነሣሁ፤ ከዚያ ጎንደር። የክብሪት ቀፎውን ከዛሪማ ጀምሮ ከጨበጥኩበት እጄ አልለቀቅኩትም።

ሄኖክ «ተቀመጪ» አለኝ። ቅጂ እልክለታለሁ እንጂ እንዴት እንደሚሠራው አይቼ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ የሚሞሪውን ሙሉ ቅጂ ሁለት ቦታ ላይ አስቀመጠ፤ እስኪያልቅ ሌላ ነገር አልነካም። ቀጥሎ ሁለቱን ካሜራዎች ጎን ለጎን ከፈተ። አንዱ የሰርጉን ቀን 2023 ይላል፣ አንዱ 2015፤ ሰዓታቸውም የተለያየ ነው።

«እንዴት ታጋጥሚያቸዋለሽ?» አለኝ።

ወረቀትና እርሳስ ይዤ ዓመትና ወር መቀናነስ ጀመርኩ። በመሐል እርሳሱን አስቀመጥኩ።

«እልልታው!» አልኩ። «ጓዳ ውስጥ ሳለን የጋሼ ካሜራም ደጅ ላይ ሆኖ ሰምቶታል።»

የጋሼን ካሜራ ድምፅ ፈልገን፣ ከሩቅ የሚሰማውን እልልታ አገኘን። የመሪጌታን አመጣን። አንዱን በአንዱ ላይ አደረግናቸው። ሁለቱ እልልታዎች ገጠሙና አንድ ሆኑ፤ በአንዱ ካሜራ ሙሽራው በደጅ እየመጣ፣ በሌላው ወንድማማቾቹ በበረቱ አጠገብ ተያይዘው፣ በአንድ ቅጽበት። የሰርጉን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን ያየሁት ያኔ ነው።

ሄኖክ «አንቺ ፋይል ላኪ ብቻ አይደለሽም» አለኝ።

ለቅልቅሉ ሄድኩ። ቴሌቪዥኑ ዳሱ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ ሁለቱ ወገን ማዕድ ቀርቦ ተሰብስቧል። አያ ሞላና አያ ተገኘ ጎን ለጎን ናቸው። ድንጋዩ ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋ፤ መጓተቱ ሲመጣ ዳሱ በሣቅ ተናጠ። ጥሩዬ አልሣቀችም፤ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ነበር። ሲያልቅ ተነሥታ መጀመሪያ አጎቷን፣ ከዚያ አባቷን ጉልበት ሳመች። ከዚያ ወደ እኔ መጣች።

«አላጠፋሽብኝም!» ብላ አቀፈችኝ።

ዝም ብል ማን ያውቅብኝ ነበር? ግን አልቻልኩም።

«አጥፍቼው ነበር» አልኳት በጆሮዋ፤ ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ ዛሪማ ላይ እስክስታ መውረዴን ስትሰማ ቬሏ እስኪወልቅ ሣቀች። «ለእኔ ሲሉ ድንጋይ ተጓተቱ፣ ለእኔ ስትዪ በእንባ ጨፈርሽ» አለችኝ።

በዚህ መሐል ነው ቪዲዮው ሊያበቃ ሲል፣ ሄኖክ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው፣ የሙሽሮቹ ስም ከሥሩ ወርቃማ ቁጥር ይዞ ብቅ ያለው። 2023።

አያ ተገኘ ቁጥሩን ትኩር ብለው አዩት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ዓመተ ምሕረቱ ነው አያ ተገኘ» አልኳቸው። «በፈረንጅ።»

«እኛ የታረቅነው በ2015 ነው። ፈረንጅ መች ድንጋዩን ተሸከመ?»

ከዳሱ ጥግ መሪጌታ አየልኝ ነጠላቸውን ቀስ ብለው አስተካከሉ።

ይሄን የምታነቡ፣ በተለይ የሰው ደስታ በእጃችሁ የሚያልፍ ሁሉ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ እስከዚያ ሳምንት ድረስ ጎበዝነት ማለት ፎልደር ማሳመር ይመስለኝ ነበር። በየጠዋቱ ግድግዳዬ ላይ የማየውን ዘመን ኮምፒውተሬ ላይ ሳየው አሮጌ ነው ብዬ ጠረግኩት። ዛሬ ጎንደር ከሄኖክ ጋር እሠራለሁ፤ ከየወረዳው የሚመጣውን ቅጂ የምረከበው እኔ ነኝ። አዲስ ካሜራማን ሲመጣ ከሰላምታ ቀጥሎ የምጠይቀው «ካሜራህ በማን ነው የሚቆጥረው?» ብዬ ነው። ይስቁብኛል። ይሳቁ። ሁለት ቅጂ ሳልይዝ፣ ባለቤቱን ሳልጠይቅ፣ አንዲት ፋይል አላጠፋም፤ ቅልቅሉ ካልተደረገ ደግሞ በጭራሽ።

ኤዲተር የሆንኩትስ መቼ ነው ብትሉኝ ቀኑን አውቀዋለሁ። ከቅልቅሉ ማግሥት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሄኖክ ወንበሩን ለቀቀልኝና «አንቺ አስተካክዪው» አለኝ። ተቀመጥኩ። በሁለት ጣቴ፣ ሰርጉን በጠረግኩባቸው በነዚያው ጣቶች፣ ወርቃማውን 2023 አጠፋሁና 2015 ብዬ ጻፍኩ።